ማዕዱን የማያይ ሰዓት

ቡናውን ወቅጬ ስጨርስ ሰዓቱ 212 እርምጃ ጨምሮልኛል። ከበርጩማዬ ግን አልተነሳሁም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፣ እናቴ ቤት። ከሰሉ ተያይዟል፣ የተቆላው ቡና ሽታ ቤቱን ሞልቶታል፣ ሙቀጫው ጉልበቶቼ መካከል ነው። ዘነዘናውን አንስቼ ባሳረፍኩ ቁጥር በቀኝ እጄ ያሰርኩት ስማርት ሰዓት እርምጃ እየቆጠረልኝ፣ ቡናው ሲደቅ እኔ በእሱ ስሌት ከእናቴ በር እስከ አስፋልቱ ደርሻለሁ።

በዚያው ዕለት ጠዋት የወንድሜን ልጅ አዝዬ፣ እጆቼን ከኋላ አቆላልፌ ሰፈሩን ዞሬ ነበር። ሕፃኑ እስኪተኛ ግማሽ ሰዓት ፈጅቷል። ለዚያ ሁሉ መንገድ ሰዓቱ የሰጠኝ 300 የማይሞላ እርምጃ ነው። ስሄድ ዝም ብሎ ስቀመጥ ቆጠረ።

ነገሩ ሲገባኝ ግን አልተቀየምኩትም። ሰዓቱ እግሬን አያውቀውም። ውስጡ ያለችው የምስር ፍሬ የምታህል መሣሪያ አክስለሮሜትር ትባላለች፤ ሥራዋ ወደላይና ወደታች፣ ወደግራና ወደቀኝ፣ ወደፊትና ወደኋላ የሚሆነውን እንቅስቃሴ መለካት ነው። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ በእንቅስቃሴው ውስጥ ምት ይፈልጋል። ሰው ሲራመድ እጁ በተመሳሳይ ምት ስለሚወዛወዝ፣ ያንን ምት ሲያገኝ "እርምጃ" ብሎ ይመዘግባል። ዘነዘና ምት አለው፣ ከኋላ የተቆለፈ እጅ የለውም። ጃንጥላ የያዘ እጅም፣ በሱፐርማርኬት ጋሪ የሚገፋ እጅም እንደዚያው ከሒሳቡ ይጎድላል።

ይህችን ትንሽ ነገር አስቀድሜ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፉት አሥር ወራት ይህ ዕቃ ረድቶኛል። ስድስት ኪሎ ቀንሻለሁ፣ ስኳሬም ወርዷል። የረዳኝ ግን የሚያየውንና የማያየውን ለይቼ ካወቅኩ በኋላ ነው። ሰው ገዝቶ ሁለት ወር አድርጎ መሳቢያ ውስጥ የሚጥለውም፣ ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን ይህንን የሚነግረው ስለሌለ ይመስለኛል።

*

ሰዓቱ እጄ የገባው ባለፈው ሰኔ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ናት በመንገደኛ የላከችልኝ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብዬ ለሌላ ጉዳይ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ደሜ ሲመረመር፣ ሐኪሟ ወረቀቱን አየት አድርጋ "ስኳር ነው ብዬ አልነግርሽም፤ ግን ጠርዙ ላይ ቆመሻል" አለችኝ። አርባ አራት ዓመቴ ነው። 84 ኪሎ። ሥራዬ ጽሑፍ ማረም ስለሆነ ከጠዋት እስከ ማታ ከወንበር አልነሳም። አባቴ በስኳር ምክንያት እግሩን ሲያመው ያስታመምኩ ልጅ ነኝና "ጠርዝ" የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲያብራራልኝ አልፈለግኩም።

"ስንት ልቀንስ?" አልኳት። ሃያ ትለኛለች ብዬ ነበር።

"ስድስት ኪሎ።"

ስድስት ከየት መጣ? በኋላ ሳነብ አገኘሁት። አሜሪካ ውስጥ በ27 ማዕከላት የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። ስኳራቸው ከፍ ያለ፣ በሽታው ግን ገና ያልጀመራቸው 3,234 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ከመካከላቸው አንደኛው ቡድን የተሰጠው ሥራ ሁለት ነበር፦ ከክብደቱ 7 በመቶውን መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንደ ፈጣን የእግር ጉዞ ያለ እንቅስቃሴ ማድረግ። በአማካይ ሦስት ዓመት ገደማ ሲከታተሏቸው፣ የማስመሰያ ኪኒን ከተሰጣቸው ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት የቀነሱት በ31 በመቶ ነው። የ84 ኪሎ 7 በመቶ ስድስት ኪሎ አይደል? ሐኪሟ በአንድ ቃል የነገረችኝ ይህንን ሁሉ ነበር። ስድስት ኪሎ መልክ አይቀይርም፣ የድሮ ቀሚስ እንኳ ላያስገባ ይችላል። ደም ውስጥ ግን ብዙ ነገር ይቀይራል።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም ሳልቀይር እንዲሁ አሰርኩት። እህቴ ናት "ዝም ብለሽ ኑሪና መጀመሪያ ራስሽን እይ" ያለችኝ። አማካዩ 3,100 እርምጃ ሆነ። ከቤት ታክሲ፣ ከታክሲ ቢሮ፣ ከቢሮ ታክሲ፣ ከታክሲ ቤት። ሕይወቴ በቁጥር ተጽፎ ሳየው ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም ማታ ማታ ደክሞኝ ነበር የምገባው። ድካምና እንቅስቃሴ አንድ ይመስሉኝ ነበር።

*

ሰዓቱ ከሳጥኑ ሲወጣ ግቡን ይዞ ነው የመጣው፦ 10,000 እርምጃ። ይህን ቁጥር ያልሰማ የለም። ከየት እንደመጣ ግን ስጠይቅ መንገዱ ቶኪዮ ወሰደኝ፤ ያውም ወደ እኛው ሰው።

እ.ኤ.አ. በ1964፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው የቶኪዮ ኦሎምፒክን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ አሸነፈ። ሁለተኛው ሯጭ እስኪገባ ከአራት ደቂቃ በላይ ነበረው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሣሩ ላይ ወርዶ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ኦሎምፒኩ ጃፓንን በስፖርት ስሜት አነሳሳት፤ በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ያማሳ የተባለው የሰዓት ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሰር እርምጃ ቆጣሪ ለገበያ አወጣ። ስሙን "ማንፖ-ኬ" አለው፤ ትርጉሙ "10,000 እርምጃ መለኪያ" ማለት ነው። ቁጥሩ ክብ ነው፣ ለአፍ ይጣፍጣል፣ ለመያዝ ይቀላል። ዛሬ በእያንዳንዳችን እጅ ላይ የሚንቀጠቀጠው ግብ ከዚያ የገበያ ስም የተወረሰ ነው።

ሐኪሞች ቁጥሩን በጥናት የፈተሹት ከዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ 16,741 ሴቶች ላይ የተሠራው ጥናት ውጤት ሲወጣ፣ በቀን 4,400 ያህል የሚራመዱት 2,700 ከሚራመዱት ይልቅ በክትትሉ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው በ41 በመቶ ዝቅ ያለ ነበር። እርምጃው ሲጨምር ጥቅሙም እየጨመረ ሄዶ 7,500 አካባቢ ሲደርስ ከዚያ በላይ የጎላ ለውጥ አልታየም። ጤነኛ ሰው ከታመመው ይልቅ ብዙ መራመዱ አይቀርምና ሁሉም ጥቅም የእርምጃው ነው ብሎ መማል አይቻልም። ነገር ግን ትልቁ ትርፍ ያለው ከታች፣ ከ3 ሺህ ወደ 5 ሺህ በሚወስደው መንገድ ላይ መሆኑ ለእኔ ቢጤው ወንበረኛ ትልቅ የምሥራች ነው።

ስለዚህ 10,000ውን ከሰዓቱ ላይ አጠፋሁት። በምትኩ 4,100 ጻፍኩ፤ የራሴ 3,100 ሲደመር አንድ ሺህ። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ደግሞ አንድ ሺህ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሃያ ስድስት ጥናቶችን ሰብስበው የመረመሩ ሐኪሞች፣ እርምጃ ቆጣሪ የያዙ ሰዎች በቀን ወደ 2,500 እርምጃ እንደጨመሩ አይተዋል። ከሁሉ በላይ ለውጥ ያመጣው የእርምጃ ግብ መኖሩ ነው። ከቢሮ ስወጣ ታክሲውን ሁለት ፌርማታ አልፌ መያዝ ጀመርኩ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሰፋ ያለው የእግረኛ መንገድ ላይ፣ ማታ መብራቱ ሲበራ፣ ከተማዬን ከስንት ዓመት በኋላ በእግሬ ያየኋት መሰለኝ።

*

ማታ መብራት አጥፍቼ ስተኛ ከሰዓቱ ሥር አረንጓዴ ብርሃን ብልጭ ይላል። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን "ምን ይፈልጋል?" እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ልቤን ነው የሚፈልገው። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ይመጥጣል። ልብ በመታ ቁጥር ቆዳ ሥር የሚያልፈው ደም ይጨምራል፣ ያኔ ተመልሶ የሚወጣው ብርሃን ያንሳል። ሰዓቱ የብርሃኑን መጨመርና መቀነስ ቆጥሮ የልብ ምት ይለዋል።

እዚህ ላይ የቆዳችን ነገር ይመጣል። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒንም ብርሃን ይመጥጣል። ጣት ላይ የሚሰካው የሆስፒታል የኦክስጅን መለኪያ በጥቁር ሕሙማን ላይ ኦክስጅኑን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ እንደሚያሳይ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ለእጅ ሰዓቶች የልብ ምት ግን መረጃው አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰባት ዓይነት ዕቃዎችን በ60 ሰዎች ላይ ሲፈትን ስህተቱ በጠቆረ ቆዳ ላይ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በቆዳ ቀለም ረገድ ጉልህ ልዩነት አላገኘም፣ ይልቅ ትልቁን ስህተት የሚያመጣው እንቅስቃሴ ነው አለ። እኔ ያደረግኩት ቀላል ነገር ነው። ማሰሪያውን ከአንጓዬ አጥንት አንድ ጣት ከፍ አድርጌ ጠበቅ አደረግኩት፤ አንዳንዴም በሁለት ጣት አንገቴ ሥር ምቴን ቆጥሬ ከሰዓቱ ጋር አስተያያለሁ። ተቀምጬ ሲሆን ይገጥማል። ዳገት ላይ ስሆን ይሳሳታል።

ከዚያው ከስታንፎርድ ጥናት እኔን የቀየረኝ ግን ሌላው ውጤት ነው። ከሰባቱ ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስህተት ለክተዋል። የተቃጠለውን ካሎሪ በተመለከተ ግን በጣም ትክክለኛው የተባለው እንኳ በአማካይ በ27 በመቶ ስቷል፤ የባሰው በ93 በመቶ። ይህን ሳነብ ማታ ማታ "ዛሬ 480 ካሎሪ አቃጥያለሁ" ብዬ የምቆርሰው ድፎ ዳቦ ትዝ አለኝ። የማይታመን ደረሰኝ ይዤ ነበር የምበላው። የካሎሪውን ገጽ ከሰዓቱ ላይ አነሳሁት።

*

እህቴ ነርስ ናት፤ የሌሊት ተረኛ። በየቀኑ በቴሌግራም የሰዓቶቻችንን ፎቶ እንላላካለን። የእሷ 14 ሺህ፣ አንዳንዴ 15 ሺህ ይሆናል። ኮሪደሩን ስትመላለስ፣ ሕመምተኛ ስታገላብጥ ነው የምታድረው። የእኔ ገና 6 ሺህ ነው። እኔ እየቀነስኩ እሷ ትጨምራለች።

"ምንድነው ጥፋቴ?" አለችኝ አንድ ቀን ድምፅ ልካ። ድምጿ ውስጥ ለቅሶ ነበር።

ጥፋት የለባትም። እ.ኤ.አ. በ2012 ኸርማን ፖንትዘር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በሰሜን ታንዛኒያ የሚኖሩትን ሃድዛዎች አጥንተው ነበር። ሃድዛዎች አድነውና ሥራሥር ቆፍረው የሚኖሩ፣ ቀኑን በእግራቸው የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ተመራማሪዎቹ ምልክት ያለው ውኃ አጠጥተው፣ ሽንታቸውን መርምረው፣ በቀን የሚያወጡትን ኃይል ለኩ። የሰውነት መጠን ልዩነት ከሒሳቡ ሲወጣ፣ ሃድዛዎቹ የሚያቃጥሉት ወንበር ላይ ከሚውለው አሜሪካዊና አውሮፓዊ የተለየ አልነበረም። የፖንትዘር ማብራሪያ ሰውነት ቆጣቢ ነው የሚል ነው፤ በእንቅስቃሴ ያወጣውን ከሌላ ቦታ ይቀንሳል። ሁሉም ሳይንቲስት በዚህ ማብራሪያ አይስማማም። ግን በእግር ጉዞ ብቻ ብዙ ኪሎ የቀነሰ ሰው ለምን ጥቂት እንደሆነ ለመረዳት ይጠቅማል።

እህቴን የረዳት ቁጥር እርምጃዋ አልነበረም። ሰዓቱ እንቅልፏን ይመዘግብ ነበር፤ ገጹን ግን ከፍታ አታውቅም። ስትከፍተው ቀን ቀን የምትተኛው አምስት ሰዓት አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2022 ቺካጎ ውስጥ ክብደታቸው ከፍ ያለና በቀን ከስድስት ሰዓት ተኩል በታች የሚተኙ 80 ሰዎች ላይ ጥናት ተሠርቶ ነበር። እንቅልፋቸውን እንዲያራዝሙ የተረዱት፣ ማንም ስለ ምግብ ሳያዛቸው፣ በቀን በአማካይ 270 ካሎሪ ያህል ቀንሰው በሉ። እህቴ ጥቁር መጋረጃ ገዛች፣ ስልኳን ሳሎን ማሳደር ጀመረች፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከማሽን የምታወጣውን ጣፋጭ ብስኩት በቤት ቆሎ ቀየረች። የቆሎው ነገር የእናቴ ምክር ነው።

*

አሁን ወደ ማዕዱ ልምጣ፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና።

ከሰዓቱ ጋር የሚሠራው አፕ ስልኬ ላይ አለ። "ምሳ ምን በላሽ?" ይላል። እንጀራ ብዬ ብጽፍ ስንት ግራም ይለኛል። እኛ ቤት ግን አራት ሰው አንድ ትሪ ላይ ነው የሚበላው። ሽሮው መሐል ይፈሳል፣ ጎመኑ ከዳር ይደረጋል፣ እያንዳንዱ ከፊቱ ይቆርሳል፣ መጨረሻ ላይ የራሰውን ከሥር ያለውን እንጀራ ተሻምተን እንጨርሳለን። ከዚያ ውስጥ የእኔ ድርሻ ስንት ነው? እናቴ ያጎረሰችኝስ? እንቢ ብላት ቅር ይላታል፤ አንድ ጎርሼ ሁለተኛውን ብገፋ ደግሞ "አንድማ ያጣላል" ትለኛለች። ጉርሻ ፍቅር ነው፣ ሚዛን ላይ አይወጣም፤ እንዲወጣም አልፈልግም። አፑን የሠሩት ሰዎች ያሰቡት በየራሱ ሳህን የሚበላ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ቤተሰቤን ትቼ ለብቻዬ ሳህን ይዤ ጥግ ብቀመጥ ኪሎ ልቀንስ እችላለሁ፣ የምቀንሰው ግን ኪሎ ብቻ አይሆንም።

የሚቆጠር ነገር ያገኘሁት ጓዳ ውስጥ ነው። ዘይት። ወጥ የሚሠራው ከጀሪካኑ በቀጥታ እየተንቆረቆረ ነበር። በመስከረም መጀመሪያ አዲስ ባለ አምስት ሊትር ዘይት ስንከፍት፣ በማርከር ቀኑን ጀሪካኑ ላይ ጻፍኩበት። ሲያልቅ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ቁጭ ብዬ አሰላሁ። አምስት ሊትር ዘይት 41 ሺህ ገደማ ካሎሪ ነው። ለአራት ሰው፣ ለ21 ቀን ስናካፍለው፣ እያንዳንዳችን በቀን ወደ 490 ካሎሪ ከዘይት ብቻ እያገኘን ነበር። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው፤ ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብዬ ስራመድ የማቃጥለውም ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ማንንም አልተቆጣሁም፣ ምግብም አልከለከልኩም። ጀሪካኑ አጠገብ ማንኪያ አስቀመጥኩ። ሽንኩርቱ በውኃ ጠብታ ይቁላላል፣ ዘይቱ በማንኪያ ተለክቶ ይገባል። መጀመሪያ ሰሞን ልጆቼ "ወጡ ደረቀ" አሉ፤ በሁለተኛው ሳምንት ረሱት። ቀጣዩ ጀሪካን አምስት ሳምንት ቆየ። ያ ማለት ለእያንዳንዳችን በቀን ወደ 200 ካሎሪ ያህል ቀነሰ ማለት ነው፤ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ደም ግፊት ላለበት ለባለቤቴም ጭምር። ማዕዱ የጋራ ስለሆነ ለውጡም የጋራ ሆነ። ሰዓቱ ይህንን ሁሉ አላየም። የቤታችን ሁነኛ ቆጣሪ ቀን የተጻፈበት ቢጫ ጀሪካን ነው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ብዙ ሰው "አሁን እቀንሳለሁ" ይላል። እኔም በየዓመቱ እል ነበር። 55 ቀን ከሥጋና ከወተት መራቅ ለነፍስ ነው፤ ለኪሎ ግን ራሱን የቻለ ዋስትና የለውም። ዘይቱ የጾም ነው፣ ዳቦው የጾም ነው፣ ሳምቡሳውም ድንች ጥብሱም የጾም ነው። ከሰዓት ድረስ ጾሞ የቆየ ሰው ሲበላ ደግሞ እጁ ይፈጥናል። ዘንድሮ ማንኪያዋ ስላለች ብቻ ጾሙን ሁለት ኪሎ ቀንሼ ጨረስኩ።

*

ወደ ኋላ ልመለስና ያቋረጥኩበትን ጊዜ ልናገር። በሐምሌ አጎቴ አረፈ። ድንኳን ውስጥ፣ ፍራሽ ላይ፣ ከአክስቴ ጎን ተቀምጬ ሳለ እጄ ላይ ሰዓቱ ተንቀጠቀጠ። መስታወቱ ላይ "ተነሺ፣ የምትንቀሳቀሺበት ሰዓት ነው" የሚል ጽሑፍ በራ። አክስቴ ዓይኗ አረፈበት፤ ምንም አላለችም። ሰዓቱን ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። 31 ቀን ሳላቋርጥ ግቤን ሞልቼ ነበር፤ በዚያ ቀን ተቋረጠ። ከቀብርና ከሰልስት በኋላ ዝናቡ ነበር፣ ጭቃው ነበር፣ ሐዘኑ ነበር። ሰዓቱ ለአምስት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ተኛ። አንዴ ተከታታዩ ቁጥር ዜሮ ከሆነ በኋላ መልሶ ከአንድ መጀመር የሚከብደው ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን በጣም ይከብዳል።

ብቻዬን አይደለሁም። ሲንጋፖር ውስጥ 800 ሠራተኞች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አለ። ለአንዳንዶቹ እርምጃ ቆጣሪ ብቻ፣ ለሌሎቹ ከዕቃው ጋር የገንዘብ ሽልማት ተሰጠ። ገንዘቡ ባለበት ጊዜ ሰው ተራመደ። ገንዘቡ ቆመ፤ በዓመቱ መጨረሻ ዕቃውን አሁንም የሚያስረው ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ፒትስበርግ ላይ በ470 ያህል ወጣቶች ላይ የተሠራው ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። ሁሉም ለስድስት ወር በአመጋገብ፣ በስፖርትና በቡድን ምክር ታገዙ። ከዚያ ግማሾቹ ክንዳቸው ላይ የሚታሰር መለኪያ ተጨመረላቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ መለኪያ ያሰሩት በአማካይ 3.5 ኪሎ ሲቀንሱ፣ ያላሰሩት 5.9 ኪሎ ቀነሱ። ይህ ማለት ዕቃው ይጎዳል ማለት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ብዙ ጥናቶች በአንድ ላይ ሲታዩ፣ የሚያስር ሰው በቀን 1,800 እርምጃ ያህል እንደሚጨምርና አንድ ኪሎ ገደማ እንደሚቀንስ ተገኝቷል። አንድ ኪሎ። ከሰዓቱ መጠበቅ ያለብን ይህን ያህል ነው። አምስቱን ኪሎ ከሌላ ቦታ ማምጣት ያስፈልጋል።

እኔን የመለሰኝ የውጭ በር ማንኳኳት ነው። መስከረም 5 ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ጎረቤታችን እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሸራ ጫማ አድርገው ቆመዋል። ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሐኪም ለጉልበታቸው "ወክ ያድርጉ" ብሏቸው ብቻቸውን መሄዱን ፈርተዋል። "ውሻውም አለ፣ ጨለማውም አለ። አንቺም ትሄጂ የለ? አብረን እንሂድ" አሉኝ። እንቢ የሚባሉ ሰው አይደሉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት አምስት ቀን፣ ብርሃኑ ሲወጣ እንሄዳለን። ማንቂያ ደውል ማጥፋት ይቻላል፤ በር ላይ የቆሙ ትልቅ ሰው ግን አይጠፉም። አንዳንድ እሑድም "መንገድ ለሰው" ሲሆንና መኪና ሲታገድ መስቀል አደባባይ ድረስ ወጥተን፣ ደረጃውን ሰው ሲወጣና ሲወርድ እያየን እኛም ሁለት ሦስት ጊዜ እንወጣዋለን።

ሰዓቱን መልሼ አሰርኩት፤ በግራ እጄ፣ ለሙቀጫው ስል። "ተነሺ" የሚለውን ማስታወቂያ አጥፍቼዋለሁ። ለእህቴ ከምልከው ፎቶ በቀር ቀን በቀን ያለውን ቁጥርም ብዙ አላይም። ለሰዓቱ ቀን የሚቀየረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በፊት 300 እርምጃ ጎድሎኝ በሌሊት ልብስ ሳሎን ውስጥ የምዞርበት ሰሞን ነበር፤ ያ ጤና አልነበረም። አሁን የማየው እሑድ እሑድ የሳምንቱን አማካይ ነው። ለቅሶ የዋልኩበትን ቀን ሌላው ቀን ይክሰዋል።

አንድ ፈተና ግን ምንም ዕቃ አያቃልለውም። አራተኛው ኪሎ እንደወረደ ሰው "ምነው ከሳሽ? ደህና አይደለሽም?" ማለት ጀመረ። እኛ አገር "ተመችቶሻል" የሚባለው ለወፈረ ሰው ነው። ለዚያም ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በመላ አገሪቱ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች የቀጠኑ ነበሩ፤ ከልክ ያለፈ ክብደት የነበራቸው 8 በመቶው ናቸው። በኤችአይቪ ዘመን ደግሞ መክሳት ምን ማለት እንደነበር የእኔ ትውልድ ከየሰፈሩ የሸኛቸውን ሰዎች እያስታወሰ ያውቃል። ስለዚህ የሚጠይቁኝን አልቆጣቸውም፤ የሚጠይቁኝ ደንግጠውልኝ ነው። "ስኳር እንዳይዘኝ ሐኪም አዞኝ ነው፣ ደህና ነኝ" እላቸዋለሁ። ከጠየቁኝ መካከል ሦስቱ በዚያው ሰሞን ስኳራቸውን ሄደው ተለክተዋል።

*

ስቅለት ዕለት ሰዓቱን ቤት ትቼው ሄድኩ። እናቴ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ነጭ ለብሳ፣ መቁጠሪያዋን ይዛ፣ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ካለው የወይራ ዛፍ ሥር ቆመን ሰገድን። ከጥቂት ዓመት በፊት እኩለ ቀን ሳይደርስ ወገቤን ይዤ እቀመጥ ነበር። ዘንድሮ እናቴ ስትነሳ ተነሳሁ፣ ስትወድቅ ወደቅኩ። የመቁጠሪያዋ ፍሬ በጣቶቿ መካከል አንድ በአንድ ሲያልፍ አያለሁ፤ አውራ ጣቷ ላይ ቆዳው ጠንክሯል። ስንት እንደደረሰች አልጠየቅኳትም።

ወደ ማታ ሁሉም ሲበተን ታክሲ እንያዝ አልኳት። "ምን ሆንሽ? በእግራችን እንሂድ እንጂ" አለች። ክንዷን ይዤ፣ በየቦታው ቆም እያልን፣ ከምታውቀው ሁሉ ጋር ሰላም እየተባባልን ሄድን። ቤት ስንደርስ ጨልሟል።

ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት፤ እዚያ ገና ረፋድ ነው። ፎቶ ስላልላክሁላት ተጨንቃለች።

"ዛሬ ስንት ሄድሽ?"

"ከእማዬ ጋር ነበርኩ።"

"እሺ፤ ስንት?"

"ከሚካኤል እስከ ቤት" አልኳት።